የጌጥ ዓሦችን ጾታ በሆርሞን ስለ መለወጥ

በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚቀመጡ የጌጥ ዓሦች ዓይንን ከማስደሰት በቀር ሌላ ጥቅም የሌላቸው መስሎ ለብዙ ሰው ይታያል። ይሁን እንጂ እነዚህን ትንንሽ ፍጥረቶች እያረቡ ወደ ውጭ አገር በመሸጥ በታይላንድ፣ በሲንጋፖር፣ በኢንዶኔዢያ፣ በስሪ ላንካና በሕንድ ብዙ ቤተ ሰቦች ኑሯቸውን ያቆማሉ። የታይላንድ መንግሥትም ቤታ የሚባለውን የሲያም ተዋጊ ዓሣ በ2019 ዓ.ም. የአገሩ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ ሰይሞታል፤ ይህና ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ገንዘብ ባለበት ስፍራ ብልኃት አይታጣምና፣ ከአርቢዎቹ ብልኃቶች አንዱ የዓሦቹን ጾታ በሆርሞን መለወጥ ሆኗል። ይህ ነገር ሲነሣ አንዳንዱ ፈጽሞ ይነቅፈዋል፤ ሌላው እንደ ማንኛውም የንግድ ሥራ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን መለየት የሚገባውን ሳይለዩ ስለሚናገሩ ክርክራቸው ፍሬ አላፈራም። መለየት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ መድኃኒቱን ለወላጁ ዓሣ መስጠትና ለሚሸጠው ዓሣ መስጠት አንድ ሥራ አይደለም።

የነገሩ መነሻ ቀላል ነው። ጋፒ የሚባለው፣ አገሩ ትሪኒዳድና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የሆነው ትንሽ ዓሣ፣ ተባዕቱ እንደ ካባ የሚዘረጋ ጅራትና እንደ ጥልፍ ልብስ የተዥጎረጎረ ቀለም ሲኖረው አንስቲቱ ግን አመድማ ናት። በቤታም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ረጅሙ ክንፍና የሚያንጸባርቀው ቀለም የወንዱ ነው። ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ለወንዱ ሲሆን፣ ከሚወለዱት ጫጩቶች ግን ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች ምግብ ይበላሉ፣ ገንዳ ይይዛሉ፣ ውሃ ያስለውጣሉ፤ ለገበያ ሲወጡ ግን በርካሽ ይሄዳሉ፣ ወይም ጠያቂ ያጣሉ። አርቢውም ጥቂቶቹን ለዘር አስቀርቶ የቀሩትን ለትልልቅ ዓሦች ቀለብ ያደርጋቸዋል። እንግዲህ የሚወለዱት ሁሉ ወንዶች በሆኑልኝ ብሎ ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሆርሞን ማለት በሰውነት ውስጥ ያሉ ዕጢዎች እያመነጩ በደም የሚልኩት፣ መጠኑ እጅግ ጥቂት ሲሆን ሥራው ግን ትልቅ የሆነ ንጥረ ነገር ነው። የወንድነትንና የሴትነትን መልክ የሚያወጡትም ከእነዚሁ ወገን ናቸው። የሰውና የከብት ጾታ ገና በማኅፀን ሳለ የሚለይ ሲሆን፣ ከእንቁላል በሚፈለፈሉ ብዙ ዓሦች ዘንድ ግን ጫጩቱ ከወጣ በኋላ እንኳ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የዘር ዕጢው ወደ ወንድም ወደ ሴትም ሊያዘነብል የሚችል ሆኖ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የወንድ ሆርሞን ከምግቡ ጋር የተሰጠው ጫጩት፣ በትውልዱ ሴት ቢሆንም እንኳ፣ አድጎ ወንድ ይሆናል፤ ዘርም ያፈራል። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የተሰጠ መድኃኒት ግን በአብዛኛው የውጭውን መልክ ይቀባዋል እንጂ የውስጡን አይለውጠውም። ወደ ታች የሚመጣው ነገር ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነውና አንባቢ በልቡ ሊይዘው ይገባል።

ይህን ምሥጢር በሚገባ የገለጡት የጃፓን ሊቃውንት ናቸው። በጃፓን የሩዝ ማሳዎች ውሃ ውስጥ የሚኖር ሜዳካ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ የአገሩ ሰዎችም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ስለ ውበቱ በቤታቸው ያረቡታል። ታቱዎ አይዳ የሚባሉ ሊቅ የዚህ ዓሣ ቀይ ቀለም ዋይ በሚባለው ክሮሞሶም ተሸካሚነት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን በ1921 አሳተሙ። ክሮሞሶም ማለት በእያንዳንዱ የሰውነት ቅንጣት ውስጥ ያለ የውርስ መዝገብ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የሜዳካ ሴት ሁለት ኤክስ ሲኖራት፣ ወንዱ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ከዚህ የተነሣ ሴቶቹ ነጭ፣ ወንዶቹ ቀይ የሆኑበት ዘር ስለ ተገኘ፣ ዓሣው በትውልዱ ምን እንደ ነበረ ቀለሙን አይቶ መናገር ተቻለ።

በናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቶኪዎ ያማሞቶ ይህን ዘር ወስደው፣ ገና ከእንቁላል ለወጡት ጫጩቶች ኤስትሮን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ከምግባቸው ጋር ሰጡ። ጫጩቶቹ ባደጉ ጊዜ ቀለማቸው ቀይ የሆነ፣ ስለዚህም በትውልዳቸው ወንድ መሆናቸው የማያጠራጥር ዓሦች፣ እንቁላል ጣሉ። ይህም በ1953 ለዓለም ተገለጠ። ፕሮፌሰሩ በዚህ አልቆሙም፤ ቀይ እናቶችን ከቀይ አባቶች ጋር አዋለዱ። ከልጆቻቸው መካከል ከእናታቸውም ከአባታቸውም ዋይ የወረሱ፣ ኤክስ ፈጽሞ የሌላቸው ወንዶች ተገኙ። እንዲህ ያለው ወንድ ለልጆቹ የሚያወርሰው ዋይ ብቻ ስለሆነ፣ ከማንኛይቱም ተራ ሴት ጋር ቢዋለድ ልጆቹ ሁሉ ወንዶች ይሆናሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ልጆች ሆርሞን የሚባል ነገር በአፋቸው ያልዞረ መሆናቸው ነው። አባታቸውም አልቀመሰውም፤ የቀመሰችው አያታቸው ብቻ ናት። ሊቁ በ1958 ደግሞ ሜቲልቴስቶስቴሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን በትውልዳቸው ሴት የሆኑትን ወንድ አድርገው፣ ከእነዚህ የሚወለዱት ሁሉ ሴቶች መሆናቸውን አሳዩ።

ይህ ጥበብ በሜዳካ ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም። በሕንድ አገር በማዱራይ ካማራጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፓንዲያንና ባልደረባቸው ካቩምፑራት በጋፒና በቤታ ላይ ብዙ ደክመው ውጤቱን በ1992ና በ1993 አሳትመዋል። ጋፒ እንደ ሌሎቹ ዓሦች እንቁላል የሚጥል ሳይሆን ሕያው ጫጩት የሚወልድ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ለጫጩቱ ሳይሆን ለእርጉዟ እናት በወቅቱ መሰጠት ነበረበት። በዚህም መንገድ ሁለት ዋይ ያላቸው ጋፒዎች ተገኝተዋል። የቤታ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ውስብስብ ነው። በ2022 እንደ ታወቀው፣ በገንዳ በሚረባው ቤታ ጾታን የሚወስነው ዋና የውርስ ቃል ዲኤምአርቲ1 የሚባለው ሲሆን፣ ትእዛዙ ሁልጊዜ አይፈጸምም፤ ስለዚህ አንዱ እናት ብዙ ወንዶች፣ ሌላይቱ ብዙ ሴቶች ስትወልድ ይታያል። የቤታ አርቢ ወደ መድኃኒቱ ጠርሙስ ፈጥኖ እጁን የሚዘረጋበት አንዱ ምክንያት ይህ የወሊዱ አለመታመን መሆኑ አይጠረጠርም።

እዚህ ላይ፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቲቱን ወንድ ማድረግ የፍጥረትን ሥርዓት መድፈር ነው የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ፍጥረትን በፍርሃት መያዝ የጠቢብ ሰው ጠባይ ነውና። ነገር ግን የባሕሩን ፍጥረት የመረመረ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ሊፈርድ አይችልም። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የኮራል ድንጋይ መካከል የሚኖሩት፣ በፈረንጅ አፍ ክላውንፊሽ የሚባሉት የጌጥ ዓሦች መጀመሪያ ወንዶች ሆነው ያድጋሉ፤ የማኅበሩ አለቃ የሆነችው ትልቋ ሴት ስትሞት ባልዋ የነበረው ሴት ሆኖ በስፍራዋ ይተካል። የሌሎችን ዓሦች ገላ ከተባይ እያጸዳ የሚኖረው ትንሹ ዓሣ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወንዱ አለቃ ሲሞት ከሴቶቹ የበረታችው ወንድ ትሆናለች። ይህ ነገር በ1972 ታትሞ ሊቃውንትን ሁሉ አስደንቋል። እንግዲህ ፈጣሪ ራሱ ለአንዳንዱ ዓሣ የሰጠውን ተለዋዋጭነት ሰው በሌላው ዓሣ ላይ ቢያነቃቃው ነውሩ በዚያ አይገኝም። ነውሩ የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በገበያውና በፈሳሹ ቦይ።

በምሥራቅ አፍሪካ በማላዊ ሐይቅ የሚገኙ፣ በዓለም ሁሉ የጌጥ ዓሣ ወዳጆች የሚፈለጉ የሲክሊድ ወገን ዓሦች አሉ። የብዙዎቹ ወንዶች ሙሉ ሰውነት ሲያገኙ ሰማያዊና ወርቅማ ይሆናሉ፤ ሕፃናቱና ሴቶቹ ግን አመድማ ናቸው። ነጋዴው እስኪያድጉ መጠበቅ ስለሚከብደው፣ ለትንንሾቹ የወንድ ሆርሞን በምግብ ወይም በውሃ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ዕድሜያቸው ሳይደርስ ቀለም ያወጣሉ። ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ ያጌጣሉ። ገዢው ሁሉንም ወንድ መስሎት በወንድ ዋጋ ይገዛል። ቤቱ ወስዶ ንጹሕ ምግብና ንጹሕ ውሃ በሰጣቸው ጊዜ ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ከገዛቸውም መካከል ሴት ሆነው የሚገኙ፣ ከነጭራሹም መካን የሚሆኑ አሉ። ይህ ሥራ ከያማሞቶ ጥበብ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ የሚያሳዝን ነው። አሮጌ ሸማ ቀለም ነክሮ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው በዳኛ ፊት ምን እንደሚባል ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ዓሣን ቀለም ነክሮ መሸጥ ስሙ የሚለወጥበት ምክንያት የለም።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ የጋፒ አርቢዎች አንዲት ሴት በደሟ ውስጥ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ተሸከመች ለማወቅ ጥቂት የወንድ ሆርሞን ሰጥተው የተሰወረውን ቀለም ያወጡታል፤ ይህ ለምርመራ እንጂ ለሽያጭ ካልሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ያቺው ሴት ከምርመራው በኋላ ወደ ገበያው ቅርጫት ስትገባ ነው።

መጠኑን ሳያውቁ መስጠትም የራሱ ቅጣት አለው። የወንድ ሆርሞን ከልክ በላይ የበዛበት ጫጩት አንዳንድ ጊዜ ሰውነቱ ትርፉን ወደ ሴት ሆርሞን ስለሚለውጠው፣ ወንድ ይሆናል የተባለው ሴት ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው መካን ይሆናል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም። ከዓሣው ይልቅ ግን ሊታሰብላት የሚገባ ሌላ ፍጥረት አለች፤ መድኃኒቱን የምትቀላቅለው ሠራተኛ። ሜቲልቴስቶስቴሮን በአልኮል ተሟሙቶ በምግቡ ላይ ይረጫል፣ ከዚያም ይደርቃል፤ ዱቄቱ በእጅ ይነካል፣ በአየርም ይተነፈሳል። ይህ መድኃኒት ለሰው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ፣ ጉበትን የሚጎዳ፣ በተለይም በማኅፀን ያለችን ሴት ልጅ የሰውነት አሠራር ሊያዛባ ስለሚችል ለእርጉዝ ሴት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የዓሣ እርባታ በብዙ አገር የቤተ ሰብ ሥራ ነውና፣ ይህን ዱቄት ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ የምታሸው ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው የውሃው ነገር ነው። ሆርሞን የተቀላቀለበት የገንዳ ውሃ ሲለወጥ የሚፈስሰው ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ወንዝ ነው። አርቢው፣ ይህች ጥቂት መድኃኒት በወንዝ ውስጥ ምን ታደርጋለች ይላል። መልሱ በካናዳ በኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት ለምርመራ በተለዩት ሐይቆች በአንዱ ተገኝቷል። ዶክተር ካረን ኪድና ባልደረቦቻቸው ከ2001 እስከ 2003 በአንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ፣ ሴቶች ወሊድ ለመከላከል ከሚውጡት ኪኒን የሚገኘውን የሴት ሆርሞን በአንድ ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 6 ናኖግራም እንዲሆን አድርገው ጨመሩ፤ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ እጅ ነው። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ጠባይ አወጡ፣ በአንዳንዶቹም የዘር ዕጢ ውስጥ እንቁላል ተገኘ፤ ፋትሄድ ሚኖ የሚባለው ትንሽ ዓሣም ከዚያ ሐይቅ ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም። ይህ ውጤት በ2007 ታትሟል። መድኃኒቱ ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓሣው እንደ ገና መብዛቱም መነገር አለበት፤ ጉዳቱ የማይመለስ አልነበረም። በእርግጥ ያ ሐይቅ የተፈተነው በሴት ሆርሞን እንጂ የጌጥ ዓሣ አርቢዎች በብዛት በሚጠቀሙበት በወንድ ሆርሞን አይደለም። ይሁን እንጂ ሌላ ምስክር አለ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ከወረቀት ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ በሚገባበት በኢለቨንማይል ወንዝ፣ የጋፒ ዘመድ የሆኑት የወባ ትንኝ በላ ዓሦች ሴቶቻቸው የወንድ መራቢያ ክንፍ አውጥተው ተገኝተዋል፤ ይህም በ1980 የተጻፈ ነው። የወንድነት ኃይል ያለው ነገር በፈሳሽ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል።

አርቢው በበኩሉ የሚያቀርበው አቤቱታ አለው፤ ሊሰማም ይገባል። ሁለት ዋይ ያለውን አባት ለማግኘት ዓሦቹን ለተከታታይ ትውልዶች ማዋለድ፣ እያንዳንዱንም ወንድ በልጆቹ መፈተን ያስፈልጋል። ድሀ ቤተ ሰብ ይህን ሁሉ ዘመን መጠበቅ አይችልም፤ መድኃኒቱ ግን በአንድ ወር ሥራውን ይፈጽማል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ የድሀው ቤተ ሰብ ሥራ እንዲሆን ማን አዘዘ? በዌልስ የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በፊሊፒንስ አገር ከሴንትራል ሉዞን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በ1990ዎቹ ለምግብ የሚሆነውን ቲላፒያ ሁለት ዋይ ያላቸው አባቶች አዘጋጅተው፣ የእነዚህን ልጆች ለአርቢዎች አዳርሰዋል። ሆርሞኑ በሊቃውንቱ ቤት፣ በጥቂት ገንዳ፣ በታወቀ መጠን ቀረ፤ ወደ ገበሬው የደረሰው ዓሣው ብቻ ነው። ለጋፒና ለሜዳካም ይህን ማድረግ የሚከለክል ነገር የለም፤ ከሚወለዱትም መካከል ለቀለብ የሚጣሉ ሴቶች አይኖሩም።

ደግሞም ወደ ጠርሙሱ ከመሄድ በፊት ውሃውን ማወቅ ይሻላል። በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚገኙት አፒስቶግራማ የሚባሉ የጌጥ ዓሦች ጾታቸው ባደጉበት ውሃ ሙቀት እንደሚወሰን በ1996 ታትሟል፤ ውሃው ሲሞቅ ወንዶቹ ይበዛሉ። በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘው ክሪቤንሲስ ደግሞ ውሃው ኮምጣጣነት ሲኖረው ብዙ ወንዶች ይወልዳል። ቴርሞሜትር ከሆርሞን ይረክሳል፤ ወንዝም አይመርዝም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ቆረሶን ያስብ። በጣና፣ በሐዋሳ፣ በዝዋይና በሌሎችም ሐይቆች የሚጠመደው ቆረሶ በዓለም ናይል ቲላፒያ ተብሎ የሚጠራው፣ በብዙ አገሮች በገንዳ የሚረባው ዓሣ ነው። ሴቶቹ ገና ትንንሽ ሳሉ እየወለዱ ገንዳውን ስለሚያጣብቡና ወንዶቹ ፈጥነው ስለሚያድጉ፣ አርቢዎች በአንድ ኪሎ ምግብ 60 ሚሊግራም ሜቲልቴስቶስቴሮን እየቀላቀሉ ለጫጩቶቹ ከ21 እስከ 28 ቀን ይሰጧቸዋል። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ብልኃቱም ያው ነው። የዓሣ እርባታ በኢትዮጵያ ገና በጅማሬ ላይ ስለሆነ፣ ሥርዓቱን አስቀድሞ ማበጀት ከተለመደ በኋላ ከመንቀል ይቀላል። የአውሮፓ ማኅበር በ1996 ባወጣው መመሪያ ለሚበሉ እንስሳት ሆርሞን መስጠትን ሲከለክል፣ ጾታን ለመለወጥ ሲባል ብቻ ለዓሣ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የወንድነት ኃይል ያለው መድኃኒት እንዲሰጥ መንግሥታት ሊፈቅዱ እንደሚችሉ ደንግጓል። ያ ሕግ የተጻፈው ለበላተኛው ጤና ታስቦ ነው። የጌጥ ዓሣ አይበላምና ስለ እርሱ የሚጨነቅ ሕግ አውጪ ጥቂት ነው፤ ገዢው ግን በገንዘቡ፣ ሠራተኛዋ በጤናዋ፣ ወንዙም በዓሦቹ ከማንም እኩል ይጎዳሉ።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሆርሞን ለወላጅ ዓሦች ብቻ፣ በታወቀ ጣቢያ፣ በባለሞያ እጅ እንዲሰጥ፤ የታከሙት ገንዳዎች ውሃም ሳይጣራ እንዳይፈስስ መደንገግ ይቻላል። ለሽያጭ በቀረበ ዓሣ ላይ ቀለም ለማውጣት መስጠት ግን እንደ ማጭበርበር ተቆጥሮ ሊያስቀጣ ይገባል። የጌጥ ዓሦች ከአገር ወደ አገር በሚላኩበት ጊዜ ከበሽታ ንጹሕ መሆናቸውን የሚያስረዳ የእንስሳት ሐኪም ወረቀት ቀድሞውንም አብሯቸው ይጓዛል። በዚያው ወረቀት ላይ፣ እነዚህ ዓሦች በሕይወታቸው ሆርሞን ተሰጥቷቸዋል ወይም አልተሰጣቸውም የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ አርቢው ፈርሞበት ገዢው ያነበዋል።